ውሃው ሳይጠራ

አለልኝ መሞቱን የሰማሁት ዓርብ ጠዋት ነው። የቤቴን ወለል አጥቤ፣ ውሃውን ጫፉ ጎማ በሆነ ባለ እንጨት መግፊያ ወደ በረንዳው እየገፋሁ ነበር። የእጅ ስልኬ፣ ፔላፎኔ፣ ጮኸ። የደወለችው ብርቱካን ናት፤ ድሮ ምንጣፍ እጥበት ቤት አብራኝ የሠራች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ።

«እቴ፣ ተቀምጠሻል?»

«ዓርብ ጠዋት ማን ይቀመጣል? ምን ሆንሽ?»

«አለልኝ አረፈ። ልቡ ነው አሉ፤ ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም።»

«የትኛው አለልኝ?»

«ስንት አለልኝ ታውቂያለሽ? የማስፒኩ ነዋ።»

ማስፒክ በዕብራይስጥ ይበቃል ማለት ነው። ሰውየው ከአፉ የማይለያት ቃል ስለነበረች፣ እኛ ሠራተኞቹ በሌለበት እሷኑ ስም አውጥተንለት ነበር። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» አልኩና መግፊያውን ግድግዳ አስደግፌ ቆምኩ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሐዘን መምጣት ነበረበት። እኔ ላይ የመጣብኝ ሐሳብ ግን፣ ሬሳውን የሚያጥቡት ሰዎች እንደ እሱ ውሃ ባይቆጥቡበት ምን አለ የሚል ነው። አፌን በመዳፌ ያዝኩ። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ፤ ሰንበት ሳይገባ መቀበር ነበረበት።

መቃብሩ ላይ የሚስቱ ወንድም ቆሞ ተናገረ። ድምፁ ከርቀት የሚሰማ ሰው ነው።

«አለልኝ እጁ የነካው ሁሉ የሚጠራ ሰው ነበር» አለ። «በዚህች ከተማ የእሱ እጅ ያልገባበት ቤት የለም። ስሙ የተነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም በእሱ ጥፋት አይደለም። አንዲት ሠራተኛ የጸሎት ቤታችንን ምንጣፍ ሳሙናውን ሳታስለቅቅ አስረከበች። እሱ ግን አላባረራትም። ስሟንም አልጠራም። ነውሯን ሸፍኖላት ኖረ።»

ስሟን አልጠራም አለ እንጂ፣ በዚያ ጊዜ እጥበት ቤቱ የነበርነው ሴቶች ሁለት ነን፤ ብርቱካን ደግሞ አራስ ነበረች። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን፣ የሮቫ ዳሌት፣ ሰው የለም። ነጠላ የለበሰው ራስ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጸሎት ቤት ጎን ለጎን የምንቀመጠው፣ ክንዴን በርኅራኄ ነካ አደረገችኝ። ከመቃብር ዳር ካነሳሁት ድንጋይ ጋር እጄ ተጨብጦ ቀረ። ሰው ሁሉ እንደዚህ አገር ልማድ ለሟቹ ክብር መቃብሩ ላይ ድንጋዩን እያስቀመጠ ሲሄድ እኔ አላስቀመጥኩም።

ስለዚህ ነው የምጽፈው። በሕይወቱ ሳለ አንቱ እለው ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አሠሪዬም ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። አንቱታውን ለጸሎት ቤታችን ጠባቂ ለአባ ተገኝ አስቀምጬዋለሁ።

እጥበት ቤቱ ከአሽዶድ ወደብ ወዲህ፣ በፋብሪካው ሰፈር፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው መጋዘን ነበር። ሮቫ ዩድ ዛይን ያኔ ገና እየተሠራ ስለነበር፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የዚያ ሁሉ ግንባታ አሸዋ በየሰዉ መስኮት ይገባል። የአሽዶድ ምንጣፍ ማለት ከላይ ሱፍ ከታች አሸዋ ማለት ነው። አለልኝ በዚህ ውሃ በተኛበት ቤት መካከል አንገትጌው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይቆማል። ጫማው ሲረጥብ አይቼ አላውቅም። ከበሩ እስከ ቢሮው ሳንቃ አስነጥፎ በእሱ ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ ብርቱካን «ሙሴ ባሕሩን ተሻገረ» ትላለች እሱ ባለፈ ቁጥር። ደንበኞቹ በዕብራይስጥ ስም አሎን ይሉታል። ቢጫ መኪናው ላይ ዓይንና ጥርስ ያለው፣ የሚስቅ ምንጣፍ አሥሎ ነበር።

ወደዚህ አገር የመጣነው በአንድ ሰሞን ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተጨናንቀን። እሱ ይህን ለነጮቹ ደንበኞች ሲተርክ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። «በዚያ በባዶው ወለል ላይ ተቀምጬ ነው ምንጣፍ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ» ይላል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ አንድ ምንጣፍ ይዛ የመጣችው ሁለተኛም ትጨምራለች። ለብርቱካን ግን አንድ ቀን ረስቶ፣ እሱ በመጣበት አውሮፕላን ወንበር ደርሶት እንደነበር ነግሯታል። በመስኮት በኩል።

እኔ እጥበት የተማርኩት አገር ቤት፣ ወንዝ ዳር ነው። እናቴ ልብሱን ከድንጋዩ ላይ እየመታች፣ ከሥሩ የሚወጣውን ውሃ ታያለች። ውሃው ደፍርሶ እየወረደ ሳለ ልብሱን ካወጣሁ ትመልሰኛለች። ለሰንበት የሚለበስ ነጭ ላይ ቀልድ አልነበረም። ይህን ይዤ ነው አለልኝ ዘንድ የገባሁት። የመጀመሪያዎቹን ምንጣፎች ውሃው እስኪጠራ ሳጥብ፣ አንዱ ብቻ ግማሽ ቀኔን በላ። እሱ ሳንቃው ላይ ቆሞ ያየኛል።

«እቴ ጻድቂቱ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ይኸው ሆነ። «እንዳንቺ ካጠብን እስከ ፑሪም በዓል አንጨርስም። የመጋዘኑን ኪራይ ማን ይከፍላል? የውሃውንስ?»

«ውሃው እኮ ገና ድፍርስ ነው፣ ጋሼ።»

«ምንጣፍ ለእግር ነው። እግር ዓይን የለውም። ሬቫሕ ካላገኘን ያንቺን ጽድቅ ማን ይቀልባል?»

ሬቫሕ ትርፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ ላዳላበት አልፈልግም፤ እውነት ነበረው። የእኛ ሴቶች ያኔ የሰው ደረጃ ሲወለውሉ ነበር የሚውሉት፤ እሱ በጣሪያ ሥር ሥራ ሰጥቶናል። ቤቱ ቢዘጋ ሁላችንም ወደ ደረጃችን ነበር የምንመለሰው። እኔም ይህን እያሰብኩ፣ ሥራውም ሳይበላሽ ቤቱም ሳይከስር የሚሆንበትን መንገድ ስፈልግ ከረምኩ። መንገዱ ደግሞ እፊታችን ነበር። ምንጣፉን ውሃ ሳይነካው በጀርባው ገልብጦ በዱላ መውቃት ነው። አሸዋው ደረቅ ሳለ ይረግፋል። ከረጠበ በኋላ ግን ከሱፉ ሥር ገብቶ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃውን ለማውጣት ሳሙና፣ ሳሙናውን ለማውጣት ውሃ፣ ውሃውን ለማድረቅ ቀን ያስፈልጋል።

ለብርቱካን ነገርኳት። አንድ ቀን ከአንድ ቤት የመጡ ሁለት እኩያ ምንጣፎች አገኘን። አንዱን ወቃን፣ አንዱን እንዳለ አረጠብን። የተወቃው እኔና እሷ ወሬ ሳንጨርስ ውሃው ጠራ። ሌላው እስከ ምሳ ድረስ ቡናማ ውሃ ያወርድ ነበር። አለልኝን ጠርተን አሳየነው። አገጩን እያሻሸ አየ፤ የገባው መሰለኝ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን አቧራ ሲራገፍ ማን ያያል?»

«ምን ማለትዎ ነው?» አለችው ብርቱካን።

«ደንበኛ በበሩ ሲገባ ማየት የሚፈልገው አረፋ ነው። ሴት ዱላ ይዛ ስትወቃ ካየ፣ ኋላቀር ናቸው ብሎ ወደ ጆርጂያው ሰውዬ እጥበት ቤት ይሄዳል። አረፋ ይታያል። አረፋ አብዙ።»

«ስለዚህ ሳሙና እንጨምር ነው የሚሉን? ሳሙናውስ በነጻ ነው?»

«አንቺ ምላስሽን ያዢ፣ ብሩሹንም ያዢ።»

ሰው ስስታም ይለዋል። ስስታም ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት። ስስታም ሰው ያን ቀን ይሰማን ነበር። እሱ ትርፍ ትርፍ እያለ፣ ትርፉን በአረፋ መልክ ወደ ቦይ ሲለቅ የኖረ ሰው ነው። እኛም ያንን ሁሉ ሳሙና እየደፋን፣ ውሃው ገና እንደ ጠላ አተላ እየወረደ ሳለ፣ እሱ በሳንቃው ይመጣና ቀለበት ባጠለቀ ጣቱ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ቆርቆር ያደርገዋል። «ማስፒክ።» ከዚያ ምንጣፉ ላይ ሽቶ ይረጫል፤ የሎሚ ሽታ ያለው። እስከ ዛሬ ሎሚ ሲሸተኝ የቆሸሸ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ምንጣፍ ልናደርስ ስንሄድ የሚያሳየውን ጥበብ ግን መመስከር አለብኝ። ደንበኛዋ ፊት ይዘረጋዋል፤ ከዚያ ይንበረከክና በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ሁልጊዜ ሱፉ በተኛበት አቅጣጫ። እንደዚያ ሲዳበስ ያበራል። አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ወደ ኋላ መልሶ ዳብሶ አያውቅም፤ ሱፉ ሲከፈት ሥሩ ይታያላ። መዳፉን ያሸትና ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል።

ሮቫ ቴት አንዲት ሞሮኮ የተወለደች ባልቴት ነበረች፤ እሷ አልተሸወደችም። የምንጣፉን ጫፍ አንስታ ሸክላው ወለል ላይ አንዴ አላተመችው። አሸዋ ፈሰሰ።

«አሎን፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የአሽዶድ አሸዋ ነዋ፣ ግቬሬት፣ እመቤቴ። ከባሕር ይመጣል።»

«ባሕሩ ምንጣፌ ውስጥ ነው እንዴ?»

«አሁን በመስኮትሽ ገባ እኮ። ስንገባ ነፋስ ነበር፤ ይህችን ጠይቂያት።»

ይህች የተባልኩት እኔ ነኝ። የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ። «ነፋስ አላየሁም» አልኩ። እሱ ሳቀ። «የእኛ ሠራተኞች ከፈጣሪ ጋር ብቻ ነው የሚነጋገሩት፤ የአየር ሁኔታ አይከታተሉም» አላት። ባልቴቲቱም ሳቀች፣ ከፈለችም። ሰውን እያሳቀ ማለፍ ይችልበት ነበር። ደረጃውን ስንወርድ ግን አልሳቀም። «አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን እውነትሽን ትበያታለሽ» አለኝ።

አሁን ወደ ምንጣፉ ልመለስ።

የሮቫ ዳሌቱ ጸሎት ቤታችን ያኔ በሚክላጥ ውስጥ ነበር፤ ለቦምብ መጠለያ ከመሬት ሥር የተሠራ፣ መስኮት የሌለው የሲሚንቶ ክፍል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፣ አንድ ሰፊ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ከአስተሥርዮ በፊት፣ እዚህ አገር ኪፑር ከሚሉት ጾም በፊት ማለቴ ነው፣ አለልኝ ሰንበት ጠዋት ከሁሉ ፊት ተነሣና፣ «ምንጣፉን እኔ አጥባለሁ። ለፈጣሪ ነው፤ ሬቫሕ አልፈልግም» አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ሰኞ እጥበት ቤት ሲገባ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦

«የጸሎት ቤቱ በነጻ ስለሆነ ቶሎ በይው። የበዓል ሥራ ተቆልሏል።»

ለገንዘብ ያጠበው ሁሉ ለፈጣሪ ካጠበው ይሻል ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ያን ምንጣፍ ለእሱ ብዬ አልነበረም የማጥበው። ማለዳ ገብቼ፣ እሱ ሳይመጣ በጀርባው ገልብጬ ወቃሁት። ክንዴ ዛለ። ሲመጣና አቧራውን ሲያይ ተቆጣ፤ ራሱ ሳሙናውን አምጥቶ ከበርሜሉ ገለበጠበት። ከዚህ ወዲያ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሳሙናው በዛ። እያስለቀቅሁ፣ እያስለቀቅሁ፣ ውሃው ነጭና ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ ነጩ አረፋ፣ ቀዩ ቀለሙ።

የጸሎት ቤቱ ጠባቂ አባ ተገኝ ምንጣፉን ለማስወሰድ ሁለት ጎልማሶች አስከትለው የደረሱት በዚህ መካከል ነው። የውሃው ጎማ በእጄ ነበር። አለልኝ ቧንቧውን ቆርቆር አደረገ።

«ማስፒክ።»

«ጋሼ፣ ገና አልጠራም። ይዩት እንጂ።»

«ደርሶለታል። ሰዎቹ ቆመዋል።»

«ቢቆሙስ? አባ፣ እስከ ከሰዓት ይታገሡኝ፤ ይህ ሳሙና ነው።»

አባ ተገኝ ወደ እሱ አዩ። እሱ በነጭ ሸሚዙ ጎንበስ ብሎ፣ በዚያች ደረቅ እጁ ቧንቧውን ዘጋ። ጎማው በእጄ ላይ ዝም አለ። «አባ፣ ይህች ልጅ ካልተከለከለች ቀይ ባሕርንም ታጥበዋለች» አለ። ጎልማሶቹ ሳቁ። ነገሩ ያሥቅ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

እስከ በሩ ተከትዬ፣ «አባ፣ ጾሙ ሳይገባ ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ውሃ አፍስሱበት» አልኩ። «አለልኝ ደርሶለታል ብሏል እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ጎልማሶቹ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸከሙት። ውሃው በጀርባቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

አለልኝ ሥራውን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ነበር ያቆመው፤ ምንጣፍ ለእግር ነው በሚለው። ለሮቫ ቴትም ለሮቫ ዩድ ዛይንም ይህ ይሠራ ይሆናል። የራሱ ወገኖች ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ ግንባራቸውን ምንጣፍ ላይ አድርገው የሚሰግዱ ሰዎች ናቸው።

ጾሙ ገባ። ቀኑ ጭው ያለ ሙቀት ነበር፤ ሚክላጡ ውስጥ አየር የለም። ነጭ ለብሰን፣ ከጠዋት ጀምሮ እንወድቃለን፣ እንነሣለን። ላብ ወረደ። ላቡ ምንጣፉ ውስጥ የቀረውን ሳሙና ቀሰቀሰው። መጀመሪያ ግንባር አቃጠለ፤ ከዚያ ከላቡ ጋር ወደ ዓይን ወረደ። በኪፑር መታጠብ ክልክል ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እንባቸው እየወረደ፣ በዚያው ዓይን ደግመው ይሰግዳሉ። ከውጭ የመጡ እንግዶች፣ «እነዚህ ኢትዮጵያውያን እንዴት ያለ ንስሐ አላቸው» ብለው ተገርመው እንደነበር ኋላ ሰማን። የነጩ ልብስ ጉልበት ሁሉ ወደ ቀይ ዞረ። እኔም ሴቶቹ በሚቆሙበት ጥግ ነበርኩ። ሳሙና እንዳለበት አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሲወድቅ ግን እኔ ቆሜ አልቀርም፤ ግንባሬን ከሌላው ጋር አሳርፌዋለሁ።

ዘወትር ከፊት የሚቆመው አለልኝ የት ነበር? በሩ አጠገብ፤ ምንጣፉ የማይደርስበት ባዶ ሲሚንቶ ላይ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ሰገደ። ዓይኑ እንደ ሕፃን ዓይን ጥርት ያለ ነበር።

ጾሙ ሲፈታ ሰው ሁሉ ደጅ ባለው ቧንቧ ተሰልፎ ፊቱን ሲያጥብ፣ አንዱ «ይህን ምን ነካው?» ብሎ ጠየቀ። አለልኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ሠራተኛዬ ናት። ቸኩላ ነው። ቀኑ የይቅርታ ነው፤ ይቅር በሏት።»

ይቅር አሉኝ። በአንድ አፍ። ልናገር ስል አባ ተገኝ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ለዛሬ ይለፍ» አሉኝ። ለእሳቸው ስል አለፍኩት። በማግስቱ ሥራውን ተውኩ፤ ሰው ደግሞ አፍራ ነው አለ። ሐሜት ኃጢአት ነው ብዬ ዓመታት ዝም አልኩ። አባ ተገኝም አንድ ቀን ነገሩን ያነሡታል እያልኩ ሳስብ፣ እሳቸው ቀድመው አረፉ።

እንግዲህ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ምንጣፉን የተሸከማችሁት ሁለት ሰዎች። ስማችሁን አልጽፍም። በቀብሩ ላይ ሁለታችሁንም አይቻችኋለሁ፤ የሚስቱ ወንድም ሲናገር አንዳችሁ መሬት መሬት ታዩ ነበር፣ አንዳችሁ ደግሞ ባርኔጣችሁን ታስተካክሉ ነበር። እኔ ያለችኝ ስሜ ብቻ ናት። ልጆቼ በዚያ ጸሎት ቤት ነው የሚያድጉት፤ እኔም ነገ ግንባሬን እዚያው ነው የማሳርፈው። ሰው አጠገቤ ሲሰግድ፣ ሳሙናዋ ሴት እያለ እንዲሰግድ አልፈልግም።

በሠላሳው ቀን ለአዝካራ፣ ለመታሰቢያው ጸሎት፣ መቃብሩ ላይ እንሰበሰባለን። ያን ቀን ተነሡና የምታውቁትን አንድ አንድ ነገር ተናገሩ። ቧንቧውን የዘጋው ማን እንደነበር። ጎማውን ይዛ የቆመችው ምን ስትል እንደነበር። በጾሙ ቀን በር አጠገብ የሰገደው ማን እንደነበር። ከዚህ ሌላ አትጨምሩ። አትስደቡት፤ ለእሱ የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ያን ዓርብ ከመቃብሩ ስወጣ፣ በር ላይ ባለው ቧንቧ እጄን ልታጠብ ስል ነው ድንጋዩ አሁንም በእጄ መሆኑን ያየሁት። ከመቃብር ነገር ይዞ ወደ ቤት መሄድ ደግ አይደለም። ከእጄ ጋር አጥቤ፣ ከቧንቧው ወዲህ ካለው ግንብ ሥር አስቀመጥኩት። እዚያው አለ። እናንተ ተናገሩ፤ እኔ ሄጄ አመጣለታለሁ።